«ዴክሳ ጨምሩለት» ከማለታችን በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አንዱ ከነቀምቴ፣ ሌላው ከጊምቢ፣ ሌላው ከነጆ ይጽፋል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። «ዶክተር፣ ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ቫይረስ አንጎሉ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል ተባልን። ውጭ አገር ለዚህ በሽታ ስቴሮይድ እየሞከሩ ነው ሲባል ሰማን። ዴክሳ ከፋርማሲ ገዝተን ብንወስድላቸው ይወጉታል ወይ?»

አጭሩ መልሴ፦ ገዝታችሁ አትውሰዱ። ሐኪሙንም «ዴክሳ ጨምሩለት» ብላችሁ አትጨቅጭቁት። ረጅሙ መልስ ግን «አትንኩት» ብቻ አይደለም። ጥያቄው ራሱ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነውና እንደሚገባው ልመልሰው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው? ቫይረስ የአንጎልን ሥጋ ራሱን ሲያጠቃና አንጎል ሲቆጣ ኢንሰፍላይትስ እንለዋለን። ከማጅራት ገትር ጋር ይመሳሰላል፤ ማጅራት ገትር ግን የሚያጠቃው የአንጎሉን ሽፋን ነው። በአንጎል ብግነት የተያዘ ሰው ትኩሳትና ራስ ምታት ይኖረዋል፤ ከዚያም ይዘባርቃል፣ ሰው ይሳታል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ወይም ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ጠባይ መለወጡ ከሁሉ በላይ ቤተሰብን ያሳስታል። ትናንት ጨዋ የነበረ ሰው ዛሬ ሲሳደብና የሌለ ነገር ሲያይ «መንፈስ ነው» ተብሎ ሦስት አራት ቀን ይባክናል። ጸሎቱን ማንም አይከለክልም፤ ሆስፒታሉ ውስጥም ይጸለያል። ትኩሳት ያለው ሰው ሲዘባርቅ ግን ቤት አይቆይ።

ይህን በሽታ ከሚያመጡ ቫይረሶች በደንብ የሚታወቀው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ነው። ታውቁታላችሁ እኮ! ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን፣ እኛ «ምች መታኝ» ብለን ዳማከሴ የምናሽበትን፣ የሚያመጣው ይኸው ቫይረስ ነው። አሁን ግን ከንፈሩ የቆሰለ ሁሉ አይደንግጥ። ቫይረሱን የማይሸከም አዋቂ ጥቂት ነው፤ አንጎል ውስጥ የሚገባው ግን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከንፈር ላይ መውጣቱም ማስረጃ አይሆንም፤ የወባ ትኩሳትም ምቹን ይቀሰቅሰዋል።

ያልታከመ የሄርፐስ የአንጎል ብግነት ከ10 ሰው 7 ያህሉን ይገድላል። ይህን የለወጠው አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ነው። በ1984 ስዊድን ውስጥ፣ በ1986 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ከቀድሞው መድኃኒት ከቪዳራቢን ጋር በዕጣ ተነጻጽሮ ተሞከረ። በስዊድኑ ጥናት ሞት ከ50 በመቶ ወደ 19 በመቶ፣ በአሜሪካው ከ54 ወደ 28 በመቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው እሱ ነው፤ በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር፣ ከ14 እስከ 21 ቀን። ክኒኑ አይተካውም። ይህን አስምሩበት፤ «የደም ሥሩ ከጠፋ ክኒኑን እንስጠው» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ስለምሰማ ነው።

ችግሩ በሕይወት መትረፍና መዳን አንድ አለመሆናቸው ነው። አሲክሎቪር ቫይረሱን ያስቆማል፤ የተጎዳውን አንጎል ግን አይመልስም። ሄርፐስ የሚወደው የአንጎል ክፍል ከጆሮ ጀርባ ያለው ጎን ነው፤ አዲስ ነገር የምንይዝበትና ስም የምናስታውስበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው ተነሥቶ ይበላል፣ ይራመዳል፤ ጠዋት ማን እንደጠየቀው ግን ከሰዓት አያውቅም። አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ይጠይቃል። አንዳንዱ የሚጥል በሽታ ይተርፈዋል፤ አንዳንዱ ቁጡ ሆኖ ይወጣል። ቤተሰቡ «እግዜር ይመስገን ተርፏል» ብሎ ይወስደዋል፤ ከወር በኋላ ደግሞ «ዶክተር፣ ሰውየው ያው ሰው አይደለም» ብሎ ይመለሳል።

ስቴሮይድ የሚለው ሐሳብ የመጣው እዚህ ጋ ነው። አንጎሉን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። ቫይረሱን ሊዋጋ የወጣው የራሳችን መከላከያም ቤቱን አብሮ ያፈርሳል፤ አንጎል ያብጣል፣ ያለው ቦታ ደግሞ የራስ ቅል ውስጥ ብቻ ነው፣ የሚሰፋበት የለም። ዴክሳሜታሶን ይህን ቁጣ ያበርዳል፣ እብጠቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ከአሲክሎቪር ጋር አብረን ብንሰጠው የማስታወስ ችሎታው አይተርፍም ወይ? ሐሳቡ ያምራል። ግን ሌላ ፊት አለው፤ መከላከያውን ስታበርደው ቫይረሱ ሜዳው ባዶ ሆኖ ቢያገኘውስ? ሁለቱም ወገን በወረቀት ላይ አሳማኝ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ በክርክር የማይፈታው፤ መሞከር አለበት።

የጃፓን ሐኪሞች በ2005 ያሳተሙትን እንይ። የ45 የሄርፐስ ኢንሰፍላይትስ ታማሚዎችን ካርድ ወደ ኋላ ሄደው አገላበጡ። ከአሲክሎቪሩ ጋር ስቴሮይድ ያገኙት የተሻለ ሆነው ተገኙ። ደስ ይላል፣ አይደል? ግን ማን ነው ስቴሮይዱን ለማን እንደሚሰጥ የወሰነው? ሐኪሙ። ምናልባት ተስፋ ያለውን መርጦ ይሆናል፤ ምናልባት የተሻለ ሆስፒታል የተኛው ነው ስቴሮይዱን ያገኘው። ካርድ ስታገላብጥ ይህን መለየት አትችልም።

ጀርመኖች ይህን ገብቷቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው፣ ከ370 በላይ ሰው በዕጣ ለመመደብ አቀዱ። በሽታው ብርቅ ነውና 41 ሰው ላይ ሲደርሱ ጥናቱ ቆመ። በ41 ሰው ምንም ማለት አይቻልም። ከዚያ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶም ሰለሞን የሚመሩት ቡድን በ2016 በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሌላ ጥናት ጀመረ፤ ስሙ ዴክስኤንሴፍ ነው። አሠራሩን ልብ በሉት። የተካተቱት አዋቂዎች ሆነው፣ ሄርፐሱ በፒሲአር ከጀርባ ፈሳሻቸው ውስጥ የተረጋገጠላቸው ናቸው። ሁሉም አሲክሎቪር ያገኛሉ። ግማሾቹ በዕጣ 10 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን በቀን አራት ጊዜ፣ ለአራት ቀን ይጨመርላቸዋል። ከዚያ በ26ኛው ሳምንት፣ ማለትም ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ በቃል የተነገራቸውን ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ይለካል፤ የሚለካው ሰው ማን ስቴሮይድ እንዳገኘ አያውቅም። «ስንት ሞተ» ሳይሆን «ስንት ሰው ትዝታው ተረፈለት» ብሎ የጠየቀ ጥናት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ስለጠየቁ ብቻ አደንቃቸዋለሁ።

እሺ፣ እነሱ ያገኙትን ቁጥር ይዘን ነቀምቴ ብንገባስ? እኔ አንገባም እላለሁ። «አዎ» ቢሉም «አይ» ቢሉም፣ መልሳቸው ሦስት ነገር አብሮ ይዞ ነው የሚጓዘው፤ ፒሲአሩን፣ በሰዓቱ የተጀመረውን የደም ሥር አሲክሎቪርና ክትትሉን። እኛ ብዙ ጊዜ አራተኛውን ብቻ፣ ርካሹንና በየፋርማሲው ያለውን ዴክሳን ነው መውሰድ የምንፈልገው።

ርካሽነቱ ራሱ አንድ አደጋ ነው። ዴክሳሜታሶን ዝነኛ የሆነው በኮቪድ ጊዜ ነው። ሰኔ 2020 እንግሊዝ አገር የተደረገው ሪከቨሪ የሚባል ትልቅ ጥናት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት በሽተኞች ሞትን በሲሶ ያህል ቀነሰ፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር በዚያው ሰሞን ኦክሲጅንና መተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው እንዲሰጥ መከረ። ትክክል ነበር። ግን ያው ጥናት ኦክሲጅን ለማያስፈልገው በሽተኛ ምንም ጥቅም እንዳላየበትም ጽፏል። እኛ ጋ የደረሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዴክሳ ለትኩሳት፣ ለወገብ ሕመም፣ ኧረ አንዳንዱማ ለመወፈር ሁሉ መዋጥ ጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያው አንድ መድኃኒት፣ ያው አንድ የሚያቃጥለውና ራሱን የሳተ ሰው፤ ውጤቱ ግን እንደ በሽታው ይገለባበጣል።

የቲቢ ማጅራት ገትር ከሆነ ስቴሮይድ ሕይወት ያድናል። በ2004 ቬትናም ውስጥ 545 ሰው ላይ ተሞክሮ ሞትን ከ41 በመቶ ወደ 32 በመቶ አውርዷል። እዚያው አካባቢ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለብቻው ሲሞከር ግን፣ በ2023 የወጣው ውጤት ጥቅም አላሳየም። የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሆነ አውሮፓ ላይ፣ በ2002፣ 301 አዋቂ ላይ ሞትን ከ15 በመቶ ወደ 7 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ማላዊ ላይ 602 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ በ2007 ደግሞ 465 የማላዊ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ እንደገና ምንም። ባክቴሪያው ያው ባክቴሪያ፣ መድኃኒቱም ያው መድኃኒት፤ የተለየው ሆስፒታል የደረሱበት ሰዓትና የሰዎቹ ሁኔታ ነው፤ ብዙዎቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው። አውሮፓ ላይ የሠራ ነገር አፍሪካ ላይ ላይሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ክሪፕቶኮከስ የሚባለው የፈንገስ ማጅራት ገትር ከሆነማ ይጎዳል። በእስያና በአፍሪካ፣ ኡጋንዳና ማላዊ ባሉበት፣ 451 ሰው ከገባ በኋላ ጥናቱ ተቋረጠ፤ ዴክሳሜታሶን ያገኙት ሞታቸው አልቀነሰም፣ አካል ጉዳታቸው ደግሞ በዛ። በ1992 ታይላንድ ላይ የጃፓን ኢንሰፍላይትስ በተባለው ሌላ የቫይረስ በሽታ የተያዙ 65 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ ጥቅም አልታየም። የእብድ ውሻ በሽታም የአንጎል ቫይረስ ነው፤ አንዴ ምልክቱ ከጀመረ ስቴሮይድ አያድነውም። እሱን የሚያስቀረው በተነከሱ ሰዓት ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን መጀመር ነው።

ወባስ? ወለጋ ላይ ሆኖ ወባን መዝለል አይቻልም። በኦሮምኛ ቡሳ የሚሉት ይኸው በሽታ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል፤ ግማሽ ያህሉ ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ የምዕራቡም ክፍል ክፉኛ ተመቷል። የአንጎል ወባና የአንጎል ብግነት በር ላይ ቆመው ቢያዩአቸው መንታ ናቸው። በ1982 ታይላንድ ውስጥ 100 የአንጎል ወባ በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ዴክሳሜታሶን ተሰጣቸው። ሞት አልቀነሰም። ከተረፉት መካከል ራስ ስቶ የመቆያው ጊዜ ከ47 ሰዓት ወደ 63 ሰዓት ረዘመ፤ ሌላም ጣጣ ጨመረ። ከዚያ ጀምሮ ለአንጎል ወባ ስቴሮይድ አይሰጥም። እንግዲህ ከቤጊ ወይም ከመንዲ በሌሊት የመጣ፣ ወባ ይሁን ሄርፐስ ይሁን ቲቢ ያልለየለት ሰው ላይ ዴክሳ የሚወጋ ሐኪም ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። ሎተሪ እየቆረጠ ነው፤ ትኬቱ ደግሞ የሌላ ሰው ነው።

«ይህ የፈረንጅና የእስያ ወሬ ነው፣ የእኛስ?» ለሚለኝ፣ የእኛም አለ። በጅማ ዩኒቨርሲቲው ዶ/ር ኢሳያስ ከበደ ጉዲናና ባልደረቦቻቸው በ2016 ያሳተሙት ጥናት እያንዳንዱ የውስጥ ደዌ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ እወዳለሁ። ከ2011 እስከ 2015 ድረስ በአራት የኢትዮጵያ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ነው ተብለው የታከሙ 425 ሰዎችን ተመለከቱ። ከጀርባ ፈሳሽ የተወሰደላቸው 56 በመቶ ብቻ ናቸው። በሽታው በእርግጥ ባክቴሪያ መሆኑ የተረጋገጠው ስንት ላይ ነው? 19 ሰው ላይ። ከ425 ውስጥ! ዴክሳሜታሶን የተሰጠው ግን ለግማሹ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከ5 ሰው አንዱ ሞቷል፤ ዴክሳሜታሶን ባገኙት ዘንድ ደግሞ የመሞት ዕድሉ ሌሎች ነገሮች ከተሰሉ በኋላም ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ይህም እንደ ጃፓኑ የካርድ ጥናት ነው። በጣም የደከመው ሰው ነው ዴክሳ የሚጨመርለት፣ የደከመው ደግሞ ይሞታል፤ ስለዚህ ገዳዩ መድኃኒቱ ነው ብዬ አልምልም። የጃፓኑን 45 ሰው «ይጠቅማል» ብሎ ያመነ ሰው ግን የእኛን 425 ሰው «ይጎዳል» ብሎ ማመን አለበት። ወይ ሁለቱንም ይመን፣ ወይ ሁለቱም እንደማይበቁ ይቀበል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው። ለዚህም ነው ጥያቄው እዚሁ፣ በራሳችን ሰው ላይ፣ በዕጣ መጠየቅ አለበት የምለው።

«ልትሞክሩብን ነው?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስጋቱ ይገባኛል፣ በደንብ ያልተነገረው ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ በየሆስፒታሉ እንደ ሐኪሙ ልማድ ለአንዱ ዴክሳ ይሰጣል፣ ለሌላው አይሰጥም። ይህ ሙከራ አይደለም እንዴ? ሙከራ ነው፤ ማንም የማይመዘግበው፣ ማንም የማይማርበት ሙከራ። በትክክለኛ ጥናት ውስጥ ግን ሁሉም ዋናውን መድኃኒት ያገኛል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያያል፣ ጉዳት ከታየ ይቆማል፤ የክሪፕቶኮከሱ ጥናት እንደቆመው።

እንዴት ይሠራ? ኢንሰፍላይትስ ብርቅ ስለሆነ ነቀምቴ ብቻዋን አትችለውም፤ ጀርመኖችም አልቻሉትም። የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ አንድ ላይ ቢያዙት ግን ይቻላል። ከዚያ በፊት መሟላት ያለበት ነገር አለ፤ በደም ሥር የሚሰጥ አሲክሎቪር። ፈሳሹን ወስዶ ፒሲአር የሚያደርግ መስመርም ያስፈልጋል፤ ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝም ይጓዝ። አሲክሎቪር በሌለበት ሆስፒታል ስለ ስቴሮይድ መከራከር ግድግዳ ሳይቆም ስለ ጣሪያ ቀለም መከራከር ነው። በጀት የሚይዙ ሰዎች ይህን ገጽ የምታነቡ ካላችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይህቺን ብቻ ያዙልኝ።

ሌላም የማስብበት ነገር አለ። «መዳን»ን በምን እንለካለን? እንግሊዞች ታሪክ ያነቡለትና መልሶ እንዲናገር ይጠይቁታል። ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ትምህርት ቤት ለገባ ሰው የተሠራ ነው። ጊምቢ ላይ ቡና የሚለቅም፣ ማንበብ የማይችል አባት ላይ ይህን ብትፈትን የምትለካው ትዝታውን ሳይሆን ያልተማረውን ትምህርት ነው። ለእሱ መዳን ሌላ ነው። የልጆቹን ስም በቅደም ተከተል ይጠራል ወይ? የለቀምት ቡናውን ሸጦ መልሱን በትክክል ይቆጥራል ወይ? ከገበያ ብቻውን ቤቱ ይደርሳል ወይ? ለቅሶ ቤት ሄዶ የሞተው ማን እንደሆነ ይዞ ይመለሳል ወይ? እሳት ላይ የጣደችውን ድስት የማትረሳ እናት ናት ወይ? ይህን የሚለካ ፈተና በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መዘጋጀትና ጤናማ ሰዎች ላይ መፈተሽ አለበት። ይህ ሥራ ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም፤ ጥቂት ነርሶች፣ ጥቂት የሥነ ልቦና መምህራንና ሁለት ዓመት ትዕግሥት ይበቃዋል። ስቴሮይዱ ባይሠራ እንኳ ፈተናው ለሁልጊዜ ይጠቅመናል፤ ከማጅራት ገትርም፣ ከአንጎል ወባም፣ ከጭንቅላት ምትም የተነሣ ሰው ይለካበታል።

እንግዲህ ዛሬ ታማሚ ያላችሁ ይህን ጥናት ልትጠብቁ አትችሉም። ስለዚህ ዛሬ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ።

ከጀርባ ፈሳሽ ልውሰድ ሲባል እሺ በሉ። «ሽባ ያደርጋል»፣ «የተወሰደለት ሁሉ ሞተ» የሚባለውን ሰምቻለሁ። መርፌው የሚገባው ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ ዋናው የጀርባ ነርቭ ካለቀበት በታች ነው፤ እዚያ ያለው ፈሳሽና ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ናቸው፣ ክሮቹም ከመርፌው ይሸሻሉ። ራስ ምታት ለጥቂት ቀን ሊኖር ይችላል። ሞቱ የመጣው ከበሽታው ነው፤ ፈሳሹ የሚወሰደው ደግሞ በጣም ለታመመ ሰው ስለሆነ ሁለቱ በሰው አእምሮ ተያያዙ። ሐኪሙ አንዳንዴ «አሁን አይወሰድም፣ መጀመሪያ ሲቲ ስካን» ሊል ይችላል፤ ለዚያም ምክንያት አለው። ፈሳሹ እስኪወሰድ ግን የአንቲባዮቲኩና የአሲክሎቪሩ መጀመር አይጠብቅም።

ሐኪሙን መጠየቅ መብታችሁ ነው። «የወባ ምርመራው ምን አለ? ከጀርባው ፈሳሽ ምን ተገኘ? አሲክሎቪር ተጀምሯል ወይ? ስቴሮይድ ከተሰጠ ለየትኛው በሽታ ተብሎ ነው?» ደህና ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

በሌላ በኩል፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስቴሮይድን ሰይጣን እንዳታደርጉት። የቲቢ ማጅራት ገትር ተብሎ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰው ይውሰድ፤ ለሳምንታት ነው፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው፣ በገዛ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ነው። ለአስም፣ ለኩላሊት፣ ለመገጣጠሚያ የሚወስዱም እንደዚሁ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ይጨምራልና ይለካ። አንጀቱ ውስጥ ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል ያለበት ሰው ደግሞ ስቴሮይድ ሲወስድ ትሉ በመላ ሰውነቱ ሊሰራጭ ይችላል፤ በባዶ እግሩ እርሻ ለሚውል ሰው ይህ ተረት አይደለም፣ ለሐኪሙ ይነገረው።

አንድ የቀረ አለ፣ እሱ ግን ከባድ ነው። ከሄርፐስ ኢንሰፍላይትስ ድኖ ቤቱ የገባ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ እንደገና ሊታመም ይችላል። በ2018 የወጣ የስፔን ጥናት 51 ታማሚዎችን ተከታትሎ 14ቱ ላይ ይህን አይቷል። ይህኛው ብዙ ጊዜ የቫይረሱ መመለስ ሳይሆን የሰውነት መከላከያ በስሕተት የራሱን አንጎል ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ስቴሮይድ በትክክለኛ ቦታው የሚገኘው፤ ቫይረሱ አለመኖሩ ከታየ በኋላ። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ የመውጫ ወረቀቱን አትጣሉ። የተሰጠው መድኃኒት በሙሉ፣ ስንት ቀን እንደተሰጠ ጭምር፣ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ሰውየው ተሽሎት ከርሞ እንደገና መዘባረቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ፈቃዱ ፊቱን ወይም እጁን ማንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ሕፃን ከሆነም የጀመረው ንግግር ከጠፋበት፣ ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ። በር ላይ ለተረኛው «ከሁለት ወር በፊት በአንጎል ብግነት ተኝቶ ነበር» በሉት፤ ይህን ካልነገራችሁት የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ ሊልካችሁ ይችላል።